ባለቤቱ ያቀለለው አሞሌ

ይህ ጽሑፍ ለግብርና ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው ካደረግሁት ንግግር የተዘጋጀ ነው። በመጨረሻ ከተነሡት ጥያቄዎች አንዱን ከነመልሱ ጨምሬዋለሁ።

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የተወደዳችሁ ተማሪዎች፤

ራስን ስለ መቻል ተናገር ስትሉኝ ቀድሞ ትዝ ያለኝ ስለ ጨው የተነገረ ምሳሌ ነው። «ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም» ይላሉ አባቶቻችን። አባባሉን ከልጅነታችን ጀምሮ እንሰማዋለን፤ አሞሌ ቆጥሮ ዕዳ የከፈለ ሰው ግን በዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም። ስለዚህ እስቲ መጀመሪያ አሞሌውን ራሱን እንየው።

አሞሌ የሚወጣው በአፋር ምድር፣ ከባሕር ወለል በታች ከተዘረጋው የጨው ሜዳ ነው። ጨው ቆራጮች በዚያ ሐሩር ንጣፉን በእንጨት ፈንቅለው ያነሡታል፤ ከዚያም በልኩ እየጠረቡ ያሳምሩታል። በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ደጋው ሲወጣ ማጣፈጫ ብቻ መሆኑ ይቀርና ገንዘብ ይሆናል። በ6ኛው መቶ ዘመን የጻፈው ኮስማስ የተባለ መንገደኛ የአክሱም ነጋዴዎች ከብት፣ ጨውና ብረት ይዘው ሄደው በወርቅ ይለውጡ እንደነበር ተርኳል። ከእርሱ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ በኋላ ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ጨው በመላው ግዛት እንደ ገንዘብ እንደሚሠራ፣ ከሚወጣበት ስፍራ በራቀ ቁጥር ዋጋው እንደሚንር ጽፏል። የማሪያ ቴሬዛ ብር ገበያውን ከያዘ በኋላ፣ ዳግማዊ ምኒልክ የራሳቸውን ብር ካስመቱ በኋላም ቢሆን አሞሌ ወዲያው አልጠፋም፤ ብሩ ለትልቁ ግዢ፣ አሞሌው ለጥቃቅኑ ሆነው አብረው ኖረዋል።

የዚህ ገንዘብ ጠባይ ግን ልዩ ነው። ዝናብ ቢነካው ይሟሟል። ቢወድቅ ይሰበራል። ጠርዙ ከተሸረፈ ዋጋው ይወርዳል። ስለዚህ ባለቤቱ በልጥ ያስረዋል፣ ከእርጥበት ያርቀዋል፣ ሲያነሣውም ሲያስቀምጠውም ይጠነቀቅለታል። እንግዲህ አንድ ሰው ዕዳውን ሊከፍላችሁ አሞሌውን ይዞ መጣ እንበል። እንደ ድንጋይ ከፊታችሁ ወርውሮ «ያው ነው፣ ከፈለጋችሁ ውሰዱት» ቢላችሁ ትቀበሉታላችሁ? አገላብጣችሁ ስንጥቁን ትፈልጋላችሁ፤ ባታገኙም ትጠረጥራላችሁ። የጨው ጉድለት ሳይታይ የባለቤቱ አያያዝ መስክሮበታል።

ዛሬ ልናገር የመጣሁት ይህንኑ ነው። ስለ ራስ መቻል ያሉን አባባሎች ብዙ ናቸው፤ ደጋግሜ ሳጤናቸው ግን አብዛኞቹ ስለ አንድ ሰው የሚናገሩ ሆነው አገኛቸዋለሁ፤ ስለ ባለቤቱ። የእኔ የሚለውን ያውቀዋል ወይ? ይጠብቀዋል ወይ? ይሠራበታል ወይ? ዋጋውን ራሱ ያውቃል ወይስ ከሌላ ሰው አፍ እስኪሰማ ይጠብቃል? የድህነትና የሀብት ነገር ከዚህ በኋላ ይመጣል። አንድ አሞሌ ብቻ ያለው ሰው በሚገባ ባለቤት ሊሆን ይችላል፤ የጨው ተራራ ያለውም ላይሆን ይችላል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ አባባል አለን፤ «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ»። ብዙ ጊዜ ይህን የምንናገረው ተቆጥተን፣ ነቅናቂውን ለመክሰስ ነው። እኔ ግን ለባለቤቱ እንደተሰጠ ማስጠንቀቂያ አድርጌ እሰማዋለሁ። ለዚህም የጤፍን ነገር ላንሣ። የግብርና ሰዎች ናችሁና ዘርዘር ባደርገው ትታገሡኛላችሁ።

ጤፍን ከዱር ሣርነት አውጥተው እህል ያደረጉት የዚህ አገር ገበሬዎች ናቸው። በሺህ በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ ለደጋው የሚሆነውን ለደጋ፣ ቶሎ የሚደርሰውን ዝናብ ለሚያጥርበት ቦታ፣ ነጩን ለገበያ፣ ቀዩን ለቤት እያሉ የለዩት እነርሱ ናቸው። ሌላው ዓለም ይህን እህል ለረጅም ዘመን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። በኋላ ግን በስንዴ ውስጥ ያለው ግሉተን የማይስማማቸው ሰዎች ጉዳይ በበለጸጉት አገሮች ጎልቶ ሲወጣ፣ ግሉተን የሌለው ጤፍ ድንገት ተፈላጊ ሆነ።

በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የብዝኃ ሕይወትና የግብርና ምርምር ተቋማት ከአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር የጤፍን ዘር ስለ መጠቀምና ጥቅሙን ስለ መጋራት ስምምነት ተፈራረሙ። ስምምነቱ በጊዜው ለሌሎች አገሮች አርአያ ይሆናል ተብሎ ተወድሶ ነበር። ይሁን እንጂ ከፊርማው በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2003፣ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፈጠራ መብት እንዲሰጥ የሚጠይቅ ማመልከቻ በኔዘርላንድስ ገብቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የአውሮፓ የፓተንት ቢሮ መብቱን ሰጠ። ከፍሬ ነገሮቹ አንዱ ጤፍ እንደታጨደ ሳይፈጭ ጥቂት ጊዜ ቢቆይ ዱቄቱ ለመጋገር የተሻለ ይሆናል የሚል ነው።

እስቲ እናቶቼን ልጠይቅ። ጤፍ አጭዶ በማግስቱ ወፍጮ ቤት የሚሄድ ማን ነው? ጤፍ ይታጨዳል፣ ይከመራል፣ ክምሩ ሳምንታት ይቆያል፣ ከዚያ አውድማ ላይ ይወቃል፣ ይነፍሳል፣ ጎተራ ይገባል። ወፍጮ የሚያየው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ይህ ለእኛ የእርሻ ዓመት ተራ አካሄድ ነው፤ እዚያ ማዶ በወረቀት ላይ ሲሰፍር ግን የአንድ ኩባንያ ንብረት ሆነ።

ኩባንያው በ2001 ዓ.ም. ኪሳራ አወጀ። ከእርሱ ጋር የተገባው ስምምነትም አብሮት ሞተ። የፈጠራ መብቱ ግን ወደ ሌሎች ኩባንያዎች ተሻግሮ በሕይወት ቀጠለ። አገራችን ይህ ነው የሚባል ጥቅም ሳታገኝ ዓመታት አለፉ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. በሄግ ከተማ ያለ ፍርድ ቤት በኔዘርላንድስ የተመዘገበውን መብት ፈጠራ የለበትም ብሎ ሻረው። ዜናው እዚህ ሲሰማ ብዙዎቻችን ተደሰትን። እኔም ተደስቻለሁ፤ ነገር ግን ደስታዬ ጎደሎ ነበር። በዚያ ችሎት የተከራከሩት ሁለት የኔዘርላንድስ ኩባንያዎች ናቸው። አንደኛው መብቴ ተጣሰ ብሎ ከሰሰ፤ ሁለተኛው መብቱ ራሱ መሰጠት አልነበረበትም ብሎ ተከላከለ። የተነቀነቀውን አጥራችንን ያቃናልን የጎረቤት ጠብ ነው። ባለቤቱ በችሎቱ አልነበረም።

«ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» የሚለውን አባባል እዚህ ላይ የሚጠቅሱ አሉ። ስምምነቱን የፈረሙት ባለሙያዎች ግን ሞኞች አልነበሩም፤ በቅን ልቦና፣ ያኔ በነበራቸው ዕውቀት ሠርተዋል። የእኔ ቅሬታ ወደ ሁላችን ይመለሳል። የክምሩን፣ የአውድማውን፣ የወፍጮውን ዕውቀት ማን ጻፈው? ማን መዘገበው? ሁላችን የምናውቀው ነገር ስለሆነ ማንም እንደ ዕውቀት አልቆጠረውም። አሞሌውን ያቀለልነው እዚያ ላይ ነው።

ባለቤቱ ሲነሣ ምን እንደሚሆን ደግሞ ቡና አሳይቶናል። በዚያው በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ። ተቃውሞ ገጠመው፤ ስታርባክስ ከተባለው የአሜሪካ የቡና ኩባንያ ጋርም ዓለም የሰማው ክርክር ተነሣ። በሰኔ 1999 ዓ.ም. ግን ኩባንያው ስሞቹ የኢትዮጵያ መሆናቸውን አክብሮ በፈቃድ ለመጠቀም ተስማማ። የገበሬው ኪስ ከዚህ በኋላ የሚገባውን ያህል ሞላ ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን አንድ ደሀ አገር በዓለም ገበያ ላይ ቆሞ «ይህ ስም የእኔ ነው» ሲል ሰሚ እንዳለው ታይቷል።

በነገራችን ላይ ዛሬ በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ከሚበሉት እንጀራ የተወሰነው በአይዳሆ ከበቀለ ጤፍ የተጋገረ ነው። ይህን ሰምተው የሚቆጡ ሰዎች አጋጥመውኛል። እኔ አልቆጣም። ዘር ይጓዛል፤ እኛም ስንዴውን፣ በቆሎውን፣ ድንቹን፣ በርበሬውን ከሌላው ዓለም ወስደን የራሳችን አድርገናል። የሚያሳስበኝ በዓለም ላይ ስለ ጤፍ ከሁሉ በላይ የሚያውቀው ማን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ነው።

«ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» እንላለን። አባባሉ እንግዳውን ይጠረጥራል። እኔ ደግሞ ባለቤቱ እንዴት ቢዘናጋ ነው እንግዳ የሚቀድመው ብዬ እጠይቃለሁ። በዚህ ረገድ ልባችሁን የሚሞላ ታሪክ አለ፤ ከዚህ አዳራሽ ይዛችሁት እንድትወጡም እፈልጋለሁ።

የጤፍ አበባ እጅግ ትንሽ ናት። ራሷን በራሷ ስለምታዳቅል፣ ሁለት የጤፍ ዓይነቶችን አዳቅሎ የሁለቱን መልካም ጠባይ የያዘ ሦስተኛ ዘር ማውጣት አይቻልም ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር። ሌሎች አገሮች በስንዴና በሩዝ ላይ ተአምር ሲሠሩ ጤፍ በነበረበት የቆመው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። በ1960ዎቹ መገባደጃ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር ታረቀ በርሄ አበባዋን በትዕግሥት ሲከታተሉ፣ በማለዳ፣ ለጥቂት ጊዜ ብቻ እንደምትከፈት ደረሱበት። ያቺ አጭር ጊዜ በር ከፈተች። ከዚያ ወዲህ የጤፍ አዳቃይ ማለዳ ተነሥቶ፣ በማጉሊያ መነጽር እያየ፣ በቀጭን መቆንጠጫ ወንዴውን ክፍል ነቅሎ ከሌላው ዘር ብናኝ ያመጣል።

የዚህ ሥራ ፍሬ ከሆኑት አንዱ ቁንጮ ነው። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል በ1998 ዓ.ም. ያወጣው ይህ ዘር ወላጆቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ምርቱ ብዙ፣ መልኩ ግን ገበያ የማይወደው ነበር፤ ሁለተኛው ነጭና ተወዳጅ፣ ምርቱ ግን አነስተኛ። ገበሬዎች ነጩን እንደሚፈልጉ ተናገሩ፤ ተመራማሪዎቹም ሰሟቸው። ቁንጮ የሁለቱን መልካም ጎን ይዞ መጣ፤ በጥቂት ዓመታትም ከገበሬ ወደ ገበሬ እየተላለፈ በሰፊው ተዘራ። ይህን ሥራ ማንም ሌላ አገር አይሠራልንም ነበር፤ ምክንያቱም ጤፍን እንደ እኛ የሚፈልገው አልነበረም።

ዘር ስል የዶክተር መላኩ ወረደን ስም ሳልጠራ ማለፍ ነውር ይሆንብኛል። በአገራችን የዘር ባንክ በ1968 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ እርሳቸውም ለብዙ ዓመታት መርተውታል። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ የተራበ ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን እህል ሳይወድ በግድ ሲበላ፣ ለዘመናት የተመረጡት የአገር ዘሮች ከነስማቸው ሊጠፉ ሆነ። የዘር ባንኩ ሰዎች በድርቅ ወደተጎዱት አካባቢዎች እየሄዱ ዘሩን ሰበሰቡ፤ ዝናብ ሲመለስም ወደ ገበሬው እንዲመለስ ደከሙ። ዶክተር መላኩ ስለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። እርዳታ እህል በመርከብ ይመጣል፤ የወሎ ገበሬ ለወሎ አፈር የመረጠው ማሽላ ግን አንዴ ከጠፋ በየትኛው መርከብ ይመጣል?

አሁን ወደምከራከረው አባባል ልምጣ። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለውን እወደዋለሁ፤ ነገር ግን ከውጭ የሚመጣን ዕውቀት ሁሉ ለመግፋት ሲጠቀሙበት አልቀበልም። አባባሉ የሚናገረው ስለ ጌጥ ነው። ለሰርግ የተዋሱት ወርቅ ማታ ይመለሳል፤ ያጌጠበትም ሰው ወደነበረበት ይመለሳል። የተማሩት ነገር ግን ማታ አይመለስም።

የባንካችን ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በ1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የአቢሲኒያ ባንክ በእንግሊዞች ቁጥጥር ሥር ከነበረው የግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገ ውል የቆመ ነበር፤ ውሉም የኀምሳ ዓመት ብቸኛ መብት ይሰጠው ነበር። በ1923 ዓ.ም. መንግሥት ገንዘቡን ከፍሎ ድርጅቱን ገዛና የኢትዮጵያ ባንክ ተቋቋመ። ልብ በሉ፤ ቀድሞ ባንኩን ይመሩ የነበሩት የውጭ አገር ሰው አዲሱንም እንዲመሩ ተደርገዋል። ባለቤትነቱን ገዙ፣ ሙያውን አስቀሩ። ይህን የማድነቀው ሙያ መዋስና ቤት አሳልፎ መስጠት የተለያዩ መሆናቸውን የሚያውቅ ሰው ሥራ ስለሆነ ነው።

«ከራስ በላይ ነፋስ» የሚለውም ብዙ ጊዜ ለራስ ወዳድነት ምክንያት ይሆናል። የገጠሩን ኑሮ የሚያውቅ ሰው ግን ራሱን የቻለ ገበሬ ብቻውን የሚኖር ገበሬ እንዳልሆነ ያውቃል። አንድ በሬ ብቻ ያለው ምን ያደርጋል? አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ይገባል፤ ጥማዱ ይሞላል፤ ተራ በተራ ያርሳሉ። በወንፈል ዛሬ እኔ ላንተ ያጨድሁትን ነገ አንተ ለእኔ ታጭዳለህ። በደቦ ጠሪው ምግቡንና ጠላውን ያዘጋጃል፤ የተጠራው ማጭዱን ይዞ ይመጣል። በዕቁብም እንዲሁ ነው፤ ዕጣው የሚደርሰው ለከፈለ ሰው ነው። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ሕግ አለ፤ ሰው የራሱን ይዞ ይመጣል። በሬ የሌለው ጉልበቱን ይዞ ይመጣል፤ በጉልበቱም በሬ ይከራያል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲባል እያንዳንዱ ሰው አንዲት ሎሚ መያዙን አትርሱ።

ስለ አባይ ብዙ ተብሏልና አላስረዝመውም። «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» እያልን ራሳችንን ስንወቅስ ኖረናል። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረውና በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ የተሠራው የመንግሥት ሠራተኛው ከደመወዙ፣ ነጋዴው ከትርፉ፣ ስደተኛው ከላቡ በገዛው ቦንድ ጭምር ነው። መብራት ያልገባበት ቤት ገና ብዙ ስለሆነ ወቀሳው ሙሉ በሙሉ አልተነሣልንም። ነገር ግን እንዴት መነሣት እንደሚችል አውቀናል።

ስለ ስደተኛው ካነሣሁ አይቀር አንድ የሚያመኝን ነገር ልናገር። ከዚህ አዳራሽ ውስጥ ልጁ ወይም እኅቱ በዓረብ አገር የሌለችበት ቤት ጥቂት ነው። በሪያድ፣ በቤይሩት፣ በዱባይ በሰው ቤት እየሠራች ገንዘብ ትልካለች። ለወንድሟ ትምህርት፣ ለአባቷ ሕክምና፣ ለቤቱ ቆርቆሮ። ይህ ፍቅር ነው፤ አከብረዋለሁ። ብዙዎቹ ግን ዓመታት አሳልፈው ሲመለሱ በስማቸው የተቀመጠ አንድ ብር አያገኙም። ገንዘቡ ተበልቷል፣ ለድግስ ወጥቷል፣ ቤቱ በሌላ ሰው ስም ተሠርቷል። እንደገና ሻንጣ ማዘጋጀት ይጀምራሉ። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ብለን በእነዚህ ልጆች ላይ መፍረድ ግፍ ነው፤ የሰውን ድስት እንዲያማስሉ የላክናቸው እኛ ነን። አባቶቼና እናቶቼ፣ ልጃችሁ የምትልከውን ስትቀበሉ ከእያንዳንዱ ላይ ጥቂቱን በእርሷ ስም፣ በእርሷ ደብተር ባንክ አስቀምጡላት። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ይባላል፤ ይህች ልጅ ለራሷ የመቁረስ ዕድል እንኳን አላገኘችም። እናንተም ልጆቼ፣ መሄዳችሁ የማይቀር ከሆነ ከመሄዳችሁ በፊት በስማችሁ ሒሳብ ክፈቱ። ይህን መጠየቅ ስስት አይደለም።

ከአባባሎቻችን ሁሉ የምጠላው አንድ አለ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል»። ይህን የሚናገር ሰው የሕዝብ የሆነውን የራሱ ያደርጋል፤ የጋራ ንብረት ባለቤት የለውም ብሎ ያምናል። የጋራ ነገር ባለቤት እንዳለው ግን በጎንደርና በጎጃም የቤተ ክርስቲያን ደኖች ይመሰክራሉ። በዙሪያቸው ያለው ኮረብታ ሁሉ ተራቁቶ ሜዳው የእርሻና የግጦሽ ሲሆን፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያለው ጥቂት ሄክታር ደን አገር በቀል ዛፎቹን እንደያዘ ቆሟል። ባለፉት ዓመታት በደቡብ ጎንደር የአካባቢው ሕዝብ ከቀሳውስቱና ከኢትዮጵያዊ የደን ባለሙያ ጋር ተመካክሮ ከብት እንዳይገባባቸው በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ ካብ ሠርቷል። ድንጋዩ የተለቀመው ከማሳው ነው፤ ማሳው ለማረሻ ተመቸ፣ ደኑም አጥር አገኘ። ያ ደን የማንም ግለሰብ አይደለም፤ ቢሆንም ባለቤቶቹ ብዙ ናቸው።

ንግግሬ እዚህ ላይ ካበቃ በኋላ አንድ ወጣት ተነሥቶ ጠየቀኝ። «ባለቤት ባለቤት ይሉናል። እኔ መሬት የለኝም፣ በሬ የለኝም። አባቴ ያለው መሬት ለሦስት ወንድሞቼ አይበቃም። የእኔ የምለው የሌለኝ ሰው የምን ባለቤት ልሁን?»

አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ጥያቄው የብዙዎቹ ነበርና። በአባባል ልመልስለት አልፈለግሁም፤ ስለ አውራ አምባ ነገርሁት። በፎገራ አካባቢ በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ መሪነት የተመሠረተው ይህ ማኅበረሰብ በደርግ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ቀዬውን ጥሎ ተሰድዶ ነበር። ሲመለስ አብዛኛው መሬቱ በሌሎች እጅ ገብቶ ጠበቀው፤ የተረፈው ሃያ ሄክታር እንኳን አይሞላም። ያ መሬት በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎችን ሊመግብ አይችልም። እነርሱ ግን እጃቸውን ተመለከቱ። ሽመና ያውቁ ነበር፤ ወደ ሸማ ሥራ ዞሩ። ሴቱም ወንዱም ይሸምናል፤ ወንዱም እንጀራ ይጋግራል። ቆይተው ወፍጮ ተከሉ፣ የንግድ ሥራ ጨመሩ። በሳምንት አንድ ቀን የሚሠሩት ሥራ ገቢው ለአቅመ ደካሞችና ለችግረኞች ይውላል፤ ለአረጋውያኑም መጦሪያ ቤት አላቸው። ሸማኔን በሚንቅ አገር፣ መሬት የሌለው ሰው አልቆለታል በሚባልበት ገጠር ይህን አደረጉ።

ከዚያ ወጣቱን «ምን ትችላለህ?» አልሁት። አቮካዶና ማንጎ ማዳቀል፣ ማለትም የመልካሙን ዛፍ ቀንበጥ በሌላ ችግኝ ላይ መቀጠል እንደሚችል ነገረኝ። በኮሌጁ ተምሮታል፤ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ለመምህራቸው ችግኝ አዳቅለው ሠርተዋል። በየዓመቱ ክረምት ሲገባ የአካባቢው ገበሬ የተዳቀለ ችግኝ ፍለጋ ሩቅ እንደሚሄድም ያውቃል። ታዲያ ለምን አልጀመራችሁም ብዬ ስጠይቀው፣ የፕላስቲክ ከረጢቱና መቁረጫው በጥቂት ገንዘብ ይገኛል፤ የሚጎድለን ውሃ የማይርቀው ቦታ ነው አለኝ።

ከወደ ኋላ አንዲት እናት እጃቸውን አነሡ። ከወንዙ ዳር ጥቂት መሬት እንዳላቸው፣ ልጃቸው ከተማ ስለገባ ጦም ማደሩን ተናገሩ። ሰው አጨበጨበ። እርሳቸው ግን ጭብጨባውን በእጃቸው አስቆሙት። «ገና ነው፤ በነጻ አልሰጥም» አሉ። «ከሽያጩ ሲሶው የእኔ ነው። ውሉም በጽሑፍ ይሁን፤ ሦስት ምስክር ይፈርምበት።» ወጣቱ ሲሶ በዛ፣ ሩብ ይሁን አለ። እርሳቸው ውሃውን ማን ይሰጥሃል ብለው ጠየቁት። እኔ ስወጣ ገና እየተከራከሩ ነበር፤ በኋላ እንደሰማሁት ለመጀመሪያው ዓመት በሩብ፣ ከዚያ በኋላ በሲሶ ተስማምተው ውሉን ለመጻፍ ለሰኞ ተቀጣጥረዋል።